የጣልነው የት ወደቀ?

ኮንከር የተጫወተ ሰው ይህን ያውቃል። ተራህ ሲደርስ አንድ ካርታ ታነሳለህ፣ አንድ ትጥላለህ። የምትጥለውን ደግሞ አጠገብህ ያለው ሰው ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል። ላንተ ምንም ያልሠራችው ሰባት ቁጥር ለእሱ ጨዋታውን የምትዘጋለት ልትሆን ትችላለች። ለዚህ ነው ጎበዝ ተጫዋች ከሚያነሳው ይልቅ በሚጥለው ላይ የሚጨነቀው።

እንግሊዝኛ «ዲስካርድ» የሚለው ቃል የተወለደው ልክ እንዲህ ካለ ጠረጴዛ ላይ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ካርታ ተጫዋቾች ከእጃቸው አውጥተው ለሚጥሉት ካርድ የሚጠቀሙበት ቃል ነበር፤ ልብ ብላችሁ ብትሰሙት «ካርድ» ዛሬም ሆዱ ውስጥ ተቀምጧል። ቆየት ብሎ ከጠረጴዛው ወረደና ለአሮጌ ልብስም፣ ለተጣለ ሐሳብም፣ ለማንኛውም የማይፈለግ ነገር ስም ሆነ። ዘመዶቹም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። «ጃንክ» መጀመሪያ የመርከበኞች አሮጌ ገመድ ነበር። «ጋርቤጅ» ወጥ ቤት ውስጥ የዶሮ ሆድ ዕቃ ማለት ነበር። «ዌስት» ደግሞ ባዶና ጠፍ መሬትን ከሚገልጽ የላቲን ቃል የመጣ ነው። አንዱ ከቁማርተኛ፣ አንዱ ከመርከበኛ፣ አንዱ ከወጥ ቤት። ቃሉ ዛሬ ለሁሉም ይሠራል እንጂ ሥሩን ስትቆፍሩት መጀመሪያ ማን ምን እንደጣለ ይነግራችኋል።

እንግዲያው የእኛዎቹስ ቃላት ምን ይነግሩናል? ይህ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላደከምኳችሁ። ግን የምንጥልበት ቃል ስለ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚያወራው። ስለ ሰውም ያወራል።

መጣል መጨረሻ ያልሆነበት ቋንቋ

«ጣለ» የሚለውን ግሥ ውሰዱ። ድንኳን ይጣላል። መሠረት ይጣላል። ዕቁብ ይጣላል። ዕጣ ይጣላል። ጠጅ ይጣላል። ዶሮ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ሰማይ ዝናብ ይጥላል። አንዱም ቢሆን የነገር ማብቂያ አይደለም። ድንኳን የተጣለበት ቤት ሠርግ ወይ ለቅሶ ሊጀምር ነው። ዕቁብ የጣለ ሰው ገንዘቡን አላጠፋም፤ ዙሩ ሲደርሰው አንድ ላይ ሊያነሳው ነው። ጠጅ የጣለችው ባለሙያም ከቀናት በኋላ ልትቀዳው እንጂ ልትረሳው አይደለም። በእርግጥ ግብርም ይጣላል፣ ማዕቀብም ይጣላል፣ ታጋይም ተጋጣሚውን ይጥላል። እነዚህ ከበድ ያሉ ናቸው። ቢሆንም እነሱም ቢሆኑ «ከዚህ በኋላ ነገሩ አለቀ» አይሉም። የተጣለ ታጋይ አቧራውን አራግፎ ይነሳል።

ስሞቹም እንዲሁ ናቸው። «ውዳቂ» የመጣው ከ«ወደቀ» ነው፤ የወደቀ ነገር ማለት ነው። «ጥራጊ» ከ«ጠረገ» ነው፤ መጥረጊያ የሰበሰበው። «ትርፍራፊ» ደግሞ ከ«ተረፈ» ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ከዚሁ ከ«ተረፈ» የወጣ ሌላ ቃል አለ። «ትርፍ»። ነጋዴው ማታ ቆጥሮ የሚደሰትበትና ከገበታው ላይ ተጠርጎ የሚነሳው ነገር በአማርኛ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከሞት ያመለጠውም ሰው «ተረፈ» ነው የሚባለው። ትርፍ፣ ትርፍራፊ፣ መትረፍ። ሦስቱን አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ ቀን መራብን የሚያውቅ ሰው ይመስለኛል።

የድሮው የገጠር ቤት ይህን በተግባር ይኖረው ነበር። የጠላው አተላ ለከብት ነው። ጭዱ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይሆናል። እበቱ ደርቆ ኩበት ይሆንና እንጀራ ይጋግራል። አመዱ ዕቃ ይፈትጋል። እንስራው ቢሰበር ስባሪው «ገል» የሚል የራሱ ስም ተሰጥቶት ከጎረቤት እሳት ይጫርበታል፣ ዕጣን ይጨስበታል። አንድ የተሰበረ ነገር የራሱ የሆነ ስምና ሥራ ያለው ከሆነ፣ እሱን ቆሻሻ ማለት ይከብዳል። ጨርቁ ሲያልቅ እራፊ፣ እራፊው ሲደራረብ ድሪቶ ይሆናል። በየገዳሙና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍትን የመረመሩ ሰዎች በድጉሱ ውስጥና በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ከሌላ፣ ከእሱ ከሚያረጅ መጽሐፍ የተወሰደ ቅጠል ደጋግመው አግኝተዋል። ብራና ለመሥራት ፍየል ወይም በግ ይታረዳል፤ ማንም እንዲሁ አይጥለውም።

ይህን ስል ድህነትን ላሽሞነሙን አይደለም። ምንም የማይጣልበት ቤት ብዙ ጊዜ ምንም የሌለበት ቤት ነው። «አመድ በዱቄት ይስቃል» የሚለው ተረትም አመድና ዱቄት አንድ ጓዳ ውስጥ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ከሚኖሩበት ቤት የወጣ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቤት አንድ ልማድ ወርሰናል፦ የጣሉትን ነገር የት እንደወደቀ ማወቅ።

ጅብ፣ ቆራሌውና ሃይላንድ

ከተማ ሲመጣ ይህ ልማድ ተፈተነ። በሐረር፣ በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ተበጅቶ ነበር። ሌሊት ገብቶ የቀረውን አጥንትና ትርፍራፊ ለቃቅሞ ይወጣል። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ትልቁ ጽዳት ሠራተኛዋ ጅብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደመወዝ አይጠይቅ፣ መኪና አይፈልግ። ሰው የጣለው አጥንትና ሥጋ እስከሆነ ድረስ ይህ አሠራር ያስኬዳል።

ችግሩ ጅብ ቆርቆሮ አይበላም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጣሳ፣ ጎማ፣ ጠርሙስ፣ በርሜል፣ ቆይቶም ፕላስቲክ መጣ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውረው የዛሬውን መርካቶ ሲመሠርቱ፣ ይህ ሁሉ ብረታ ብረት መሰብሰቢያ አገኘ። ከመርካቶ ተራዎች አንዱ ዛሬም ምናለሽ ተራ ይባላል። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፦ ምን አለሽ? የተጠየቀችውም ሴት ናት፤ ከጓዳዋ የማትፈልገውን ይዛ የወጣች ሴት። እዚያ ተራ የበርሜል ቆርቆሮ ምድጃ፣ የመኪና ጎማ በረባሶ፣ የወተት ጣሳ ኩራዝ ሲሆን ያላየ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው።

ጣሳ ብቻውን አንድ ታሪክ ነው። ከውጭ ምግብ ይዞ የመጣ፣ ተበልቶ መጣል የነበረበት ዕቃ፣ በእኛ ገበያ መለኪያ ሆነ። «አንድ ጣሳ ሽሮ ስጪኝ» ስንል የጠየቅነው በሌላ አገር የተጣለ ነገር በሚሰፍረው ልክ ነው። ጀሪካንም እንዲሁ። መነሻው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደር ነዳጅ የሚይዝበት የብረት ዕቃ ሲሆን፣ እንግሊዞች «ጄሪ» ብለው በሚያሾፉበት የጀርመን ስም ጠሩት። ዛሬ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ዘይቱ ካለቀ በኋላ ነው ዋናውን ሕይወቱን የሚጀምረው፤ ቧንቧ በሌለበት ሁሉ ውሃ የሚጠጣው በእሱ ነው።

ከዚያ ሃይላንድ አለ። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ዛሬ ውሃው የማንም ይሁን የማን፣ ባዶው ፕላስቲክ ሃይላንድ ነው። በአገር አቋራጭ መንገድ የሄደ ሰው ልጆች ከመኪና ኋላ እየሮጡ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ሲሉ ሰምቷል። ለተሳፋሪው ጠጥቶ የጨረሰው ቆሻሻ ነው፤ ለልጁ የትምህርት ቤት ውሃ መያዣ፣ ለእናቱ የዘይት ወይም የላምባ ዕቃ ነው። ካርታ ጨዋታው ይኸው፦ አንዱ የጣለውን ሌላው ይጠብቃል።

በከተማው ውስጥ ይህን ጨዋታ ቤት ለቤት ያዞረው ቆራሌው ነው። ስሙን ብዙ ሰው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ ጋር ያያይዘዋል፤ ጥሪው በጉሮሮ ብዛት ተሸርሽሮ አንድ ቃል ሆነ ይላሉ። ጠዋት ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይወጣል፤ አሮጌ ጫማ፣ የተበላሸ ሬዲዮ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የዛገ ብረት ይገዛል። አጋሩ ልዋጭ ደግሞ ብር አያወጣም። አሮጌ ሱሪህን ይወስድና ሳህን ወይም ብርጭቆ ይሰጥሃል። ሁለቱም አንድ ነገር ያውቃሉ፦ ባለቤቱ ዕቃውን የጠላበትን ሰዓት። እናት «ይሄን ኮተት አውጡልኝ» ባለችበት ቅጽበት ነው ዋጋው የሚወርደው።

ሳልቫጅንም አንርሳ። ልባሽ ጨርቅ የምንጠራበት ይህ ቃል እንግሊዝኛ ነው፤ ትርጉሙም ከተሰበረ መርከብ ወይም ከእሳት የተረፈ ንብረትን ማዳን ነበር። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ከቁም ሣጥን ተጠርጎ የወጣ ጃኬት በቦንዳ ታስሮ፣ ብዙ ጊዜም በኮንትሮባንድ ድንበር አቋርጦ ይደርሳል። እዚያ «ጣልኩት» የተባለውን እኛ «የዳነ» ብለን ተቀበልነው። ቃሉን የመረጠው ማንም ይሁን ማን፣ ምን እንደያዘ ያወቀ ሰው ነው።

ቃሉ ወደ ሰው ሲዞር

እስካሁን ያነሳነው ደግ ደጉን ነው። ነገር ግን እነዚሁ ቃላት ሌላ ሥራም ሠርተዋል። «ውዳቂ» ስድብ ነው። «ጥራጊ» ስድብ ነው። ሁለቱንም ለዕቃ ስትሉት የምትነግሩት ያለበትን ሁኔታ ነው፦ ወድቋል፣ ተጠርጓል። ለሰው ስትሉት ግን ሁኔታውን ማንነቱ አደረጋችሁት። ማን ጣለው የሚለው ጥያቄ ጠፋ።

ይህ አዲስ አይደለም። የሰው ትርፍራፊ ከሆነ ነገር ጠቃሚ ነገር የሚሠሩ ሰዎች በታሪካችን ብዙ ጊዜ ራሳቸው እንደ ትርፍራፊ ታይተዋል። ከታረደ ከብት ቆዳ የሚያወጣው ፋቂ፣ ከተሰባበረ ብረት ማረሻ የሚያበጀው ቀጥቃጭ፣ ከጭቃ ጀበና የምትሠራው ሸክላ ሠሪ። ማረሻውን ይዞ የሚሄደው ገበሬ ያለ እነሱ አንድ ቀን አያድርም፤ ግን አብሯቸው አይበላም፣ ልጁንም አይድርላቸውም። ዳግማዊ ምኒልክ በንግሥናቸው መጨረሻ ዓመታት ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ስድቡ አገር የሚጎዳ ሆኖ ስላገኙት ነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በላይ ኖረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ከስድብ የከፋ ነገር ይዞ መጣ። ቢሮክራሲው የወደደው ቃል «ማስወገድ» ነው። እንግሊዝኛው «ዲስፖዛል» ለሚለው የምንጠቀምበት። የመንግሥት ግዥና ንብረት ማስወገድ አገልግሎት የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረን፤ ያረጀ መኪናና ጠረጴዛ በጨረታ ይሸጥ ነበር። የቆሻሻ አወጋገድ እንላለን። ንጹሕ፣ ቴክኒካዊ ቃል ነው። ከ«መጣል» የሚለየውም ይሄ ነው። የተጣለ ነገር የሆነ ቦታ ወድቋል፤ ሄዳችሁ ልታነሱት ትችላላችሁ። የተወገደ ነገር ግን ከዓይን ጠፍቷል። «የት ወደቀ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ትርጉም ያጣል።

ደርግ ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቅ ነበር። በቀይ ሽብር ዓመታት የቤት ጽዳትና የእርሻ ቃላት ሁሉ ለግድያ ተመለመሉ፦ ማጽዳት፣ ምንጠራ፣ አሰሳ፣ ማስወገድ። ሰው «ተገደለ» ከማለት «እርምጃ ተወሰደበት» ወይም «ተወገደ» ማለት ቀለለ። እና ከቃሉ ጀርባ ያለው ሥራ መልሶ መጣል ነበር፤ የወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ተጥሎ እንዲታይ ተደረገ። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተረሸኑት 60ዎቹ የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናትም ጸሎት አልተደረገላቸው፣ ቤተሰብ አልተጠራላቸው፤ ከርቸሌ ውስጥ በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በ1967 ዓ.ም. ክረምት ሞተው በግቢያቸው ውስጥ በስውር ተቀበሩ።

የተወገደ ይጠፋል ተብሎ ነበር። አልጠፋም። ደርግ ሲወድቅ የባለሥልጣናቱ አጽም ከጉድጓዱ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። የንጉሡም አጽም ከቤተ መንግሥቱ ተቆፍሮ ወጥቶ ዓመታት ከቆየ በኋላ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. እዚያው ካቴድራል ተቀበረ። የቀይ ሽብር ሰለባ እናቶች ደግሞ የልጆቻቸውን አጽም በልብሳቸው፣ በጫማቸው እየለዩ ለቀሙ። ስለ እነዚህ ሰዎች ፖለቲካ ብዙ ልንከራከር እንችላለን። ግን ማንም ሰው የት እንደወደቀ ሳይታወቅ መቅረት የለበትም በሚለው ላይ የምንከራከር አይመስለኝም።

ቆሼ

አሁን ወደ ረጲ እንሂድ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አዲስ አበባ የጠረገችውን ሁሉ የወሰደችው ወደዚያ ነው። መጀመሪያ ከከተማው ዳር ነበር፤ ከተማው አደገና ከበበው። ሰው «ቆሼ» አለው። ስሙን ልብ በሉት። ከበደን ከቤ፣ ታደሰን ታዴ እንደምንለው ያለ ነው። የቁልምጫ ስም። ቆሻሻን አቆላምጦ የሚጠራ ሰው ከእሱ ጋር የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

እና ይኖሩበት ነበር። መኪናው ሲገለብጥ ጠብቀው ብረት፣ ፕላስቲክ፣ አንዳንዴም የሚበላ የሚለቅሙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ከክምሩ ግርጌ የጭቃ ቤት ሠርተው፣ ተከራይተው፣ ልጅ ወልደው የኖሩም ነበሩ። በሥራቸው ከምናለሽ ተራ፣ ከቆራሌው፣ ከገል የማይለዩ ናቸው፤ የወደቀውን የሚያነሱ። ከተማው ግን እነሱን የሚያይበት ዓይን ከክምሩ አልለየውም።

በ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ቆሼን ይተካል የተባለ ዘመናዊ ማስወገጃ ሰንዳፋ አካባቢ ሥራ ጀመረ፤ ዙሪያው ያሉ ገበሬዎች ግን «የከተማ ቆሻሻ ለምን በእኛ መሬት ላይ?» ብለው ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥም ተዘጋ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ የማስወገድን ቃል የሚያፈርስ ጥያቄም ነበር። የሚወገድ ነገር ሁልጊዜ የሆነ ሰው ደጃፍ ላይ ነው የሚወድቀው። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደ። ቤቶቹን ከነሰዎቻቸው ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። መንስኤው ብዙ አከራከረ። ከዚያ በኋላ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበ ፋብሪካ ተመረቀ።

በእነዚያ ቀናት ኤክስካቫተሮች ቆሻሻውን ሲቆፍሩ ዘመዶች ዳር ቆመው ያለቀሱት በስም እየጠሩ ነው። አገሩ ሁሉ «ቆሼ» የሚል አንድ ስም ብቻ በሚያውቅበት ሰዓት፣ እነሱ መቶ ስም ያውቁ ነበር። የሟቾቹ ቤት ሳይቀር ዕቁብ የተጣለበት፣ ለክርስትና ድንኳን የተጣለበት ቤት ነበር።

«ጣለ» ተቃራኒ አለው፤ «አነሳ» ነው። እሱም ንጹሕ ቃል አይደለም። ቤቱ ለመንገድ የፈረሰበትን ሰው «የልማት ተነሺ» ስንለው ማንሳትን ራሱን ወደ ማስወገድ ቀየርነው። ግን ቃሉ ሌላም ትርጉም ይዟል። የወደቀ ሽማግሌን ከጎዳና ማንሳት አለ፤ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በየቀኑ የሚሠራው ይህንን ነው። ሐሳብ ማንሳት አለ። ስም ማንሳትም አለ፤ ያለፈ ሰው በመልካም ሲታወስ «ስሙ ተነሳ» እንላለን።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የቆሻሻ ፌስታላችሁን ስታስሩ አንድ ቀላል ነገር ጠይቁ፦ ይህ ነገር የት ነው የሚወድቀው፣ ማንስ ነው የሚያነሳው? መልሱ ገንዳው ጋ አያልቅም። ከገንዳው ኋላ ማዳበሪያ የያዘ ሰው አለ፣ ከእሱ ኋላ ክምር አለ፣ ከክምሩ ግርጌ ቤት አለ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ስም አለው።